ትንንሽ ወታደሮችና ትልቁ ገበያ

ነጋዴ ጨርቅ ቢሸጥ ገዢው ይለብሰዋል፤ እህል ቢሸጥ ይበላዋል፤ ምስማር ቢሸጥ በሩን ያጠብቅበታል። ዋጋውንም ከጥሬ ዕቃው፣ ከሠራተኛው ድካምና ከመጓጓዣው ወጪ ተነሥቶ ማንም ሰው በጣቱ ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣ የሚመስል አንድ ሸቀጥ በዓለም ገበያ ላይ ይገኛል። ይኸውም ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ፣ የማይበላና የማይለበስ የወታደር፣ የፈረሰኛ ወይም የአውሬ ምስል ነው። ይህ ምስል ከመሰሎቹ ጋር በጠረጴዛ ላይ ይሰለፍና፣ ሰንጠረዥን በሚመስል ነገር ግን ደንቡ እጅግ በሰፋ ጨዋታ ውስጥ የባለቤቱ ጦር ሆኖ ይዋጋል። የጥሬ ዕቃው ዋጋ ሳንቲም ነው። ሆኖም እርሱን ሠርቶ በመሸጥ የሚኖር አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መጨረሻ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከመቶዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

እንግዲህ ነጋዴው በእርግጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት የሚያህለውን የዚህን ንግድ ታሪክ ስንመረምር ነጋዴዎች ሦስት መንገድ እንደ ተከተሉ እናያለን። የመጀመሪያዎቹ ምስሉን ራሱን ሸጡ። ሁለተኞቹ ምስሉ የሚዋጋበትን ጨዋታ ሸጡ። ሦስተኞቹ ደግሞ ገዢው የሚፈልገውን ምስል የማግኘትን ዕድል ሸጡ። ከሦስቱ የትኛው እንደ ጸና፣ የትኛውስ ፈጥኖ እንደ ተናጋ ማወቅ ለአሻንጉሊት ነጋዴ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ደመወዙን አስቦ ለሚያወጣ የቤተሰብ አስተዳዳሪም፣ የገበያን ደንብ ለሚያወጣና ለሚያስፈጽም የመንግሥት ሠራተኛም ትምህርት ይሰጣል።

የንግዱ ምንጭ የጀርመን ከተማ ኑረምበርግ ናት። በ1770ዎቹ ዮሐን ጎትፍሪድ ሂልፐርት የተባለ አንጥረኛ በዚያች ከተማ የቆርቆሮ ማዕድን እያቀለጠ የፕሩስያውን ንጉሥ የታላቁን ፍሬድሪክንና የወታደሮቹን ስስና ጠፍጣፋ ምስሎች ይሠራ ነበር። የቀለጠው ማዕድን መልክ የሚይዝበት ቅርጽ ማውጫ የጽሕፈት ሰሌዳ ከሚሠራበት ስስ ድንጋይ ይፈለፈላል። ይህን ድንጋይ መፈልፈል የብዙ ቀን ድካምና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ከተፈለፈለ በኋላ ግን እያንዳንዱ ምስል ከማዕድኑና ከማገዶው በቀር ብዙ ወጪ የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስል ውድ ነው፤ ሺሁኛው ግን ርካሽ ነው። የዚህ ንግድ ምሥጢር ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር ይነሣል። ኋላም በ1839 በዚያው ከተማ ሥራ የጀመረው ኤርንስት ሃይንሪክሰን የእግረኛውን ወታደር ቁመት በ30 ሚሊሜትር ወሰነ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ቁመቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ዘንድ ትናንት የገዛ ሰው ዛሬም ሊጨምርበት ይችላልና፣ ገዢው አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚሄድ መሆኑ ቀርቶ ደንበኛ ሆነ።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ በለንደን ተደረገ። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የእንግሊዝ ልጆች የሚጫወቱባቸው ወታደሮች በአመዛኙ ከጀርመንና ከፈረንሳይ የሚመጡ፣ ውስጣቸው ድፍን የሆነ ከባድ የብረት ምስሎች ነበሩ። በ1893 የአሻንጉሊት ሠሪው ቤተሰብ ልጅ ዊልያም ብሪተን አዲስ ብልሃት አገኘ። የቀለጠው እርሳስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ ዳር ዳሩ ሲጠና መካከሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ተመልሶ ይደፋል፤ የቀረው ምስል ውስጡ ባዶ ይሆናል። በዚህም እርሳሱ ቀነሰ፣ ክብደቱ ቀለለ፣ የመጓጓዣውም ወጪ አነሰ። ስምንት እግረኛ ወይም አምስት ፈረሰኛ የያዘ አንድ ሣጥን በአንድ ሺሊንግ ተሸጠ። ሺሊንግ 12 ፔኒ ነውና አንዱ እግረኛ በአንድ ፔኒ ተኩል ወጣ ማለት ነው። ቀለም የመቀባቱን ሥራ በየቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሴቶች በቁጥር እየተከፈላቸው ይሠሩት ነበር። እንዲህ ሆኖ የውጭ አገር ሸቀጥ ከእንግሊዝ ገበያ ወደ ኋላ ተገፋ።

ይህ ኩባንያ የጋዜጣን ወሬ እየተከተለ አዳዲስ ጦር ያወጣ ስለ ነበር፣ ታሪኩ አገራችንንም ይነካል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ወቅት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያ ጦረኞች በብሪተን ካታሎግ ውስጥ ገቡ፤ በአንጻራቸውም የኢጣልያ ወታደሮች ይሸጡ ነበር። አባቶቻችን በማይጨው የደም ዋጋ የከፈሉበት ነገር ለለንደን መደብር የወቅቱ ሸቀጥ ሆነ። ነገሩን በቁጣ ብቻ ማየት አይገባም። ነጋዴው የሚሸጠው ምስሉን ብቻ በሆነ ጊዜ፣ ገዢውን ዳግመኛ ወደ ሱቁ የሚያመጣበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ወደ ጦር ሜዳዎች ሁሉ ዓይኑን ማማተር ግድ ሆነበት። ሰላም በሆነ ዓመት አዲስ ወታደር የሚገዛ ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ነጋዴ ሳይሆን ደራሲ ነው። ኤች ጂ ዌልስ በ1913፣ ማለትም አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም የአሻንጉሊት ወታደሮች በወለል ላይ እንዴት እንደሚሰለፉ፣ ምን ያህል እንደሚራመዱ፣ በትንሽ የሽቦ መድፍ ተመትተው እንዴት እንደሚወድቁ ደንብ አወጣ። ደንብ የሌለው ልጅ አንድ ሣጥን ወታደር ይበቃዋል። ደንብ ያለው ተጫዋች ግን እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፈኛ ያሟላ ሠራዊት ያስፈልገዋል፤ ጓደኛውም እንዲሁ። እንግዲህ ፍላጎትን ያበዛው የምስሉ ውበት አልነበረም፤ የደንቡ መኖር ነበር። ነገር ግን ደንቡ የደራሲው፣ ምስሉ የፋብሪካው በመሆኑ ሁለቱ በአንድ እጅ አልተያዙም፤ ከዚህም ግኝት ዋናውን ትርፍ የሚሰበስብ ሳይገኝ ብዙ ዘመን አለፈ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እርሳስ ለሕፃናት ጤና መርዝ መሆኑ እየታወቀ ስለ ሄደ ብሪተን በ1966 የእርሳስ ወታደሮቹን መሥራት አቆመ። ከዚያም በፊት ቢሆን እንደ ኤርፊክስ ያሉ ፋብሪካዎች በርካታ የፕላስቲክ ወታደሮችን በአንድ ትንሽ ሣጥን አድርገው በርካሽ መሸጥ ጀምረው ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ በ1950ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ጃክ ስክሩቢ የተባለ ሰው ለጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ብቻ የታሰቡ ምስሎችን በርካሽ መሥራት ያዘ፤ በ1957ም ለዚሁ ጨዋታ ወዳጆች መጽሔት አቋቋመ። በእነዚህ ዓመታትና በተከታዮቹ የተስፋፋው አሠራር የጎማ ቅርጽ ማውጫ ነው። ሁለት ክብ የጎማ ሰሌዳዎች ተገጣጥመው በፍጥነት ሲሽከረከሩ የቀለጠው ብረት ወደ ዳር ተገፍቶ በየጉድጓዱ ይሞላል። ይህን ለማድረግ ታላቅ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍልና መጠነኛ ገንዘብ ይበቃል።

በጎማና በአረብ ብረት ቅርጽ ማውጫ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ለምሳሌ ያህል አንድ ስሌት እናድርግ። የጎማው ቅርጽ ማውጫ 500 ብር፣ እያንዳንዱን የብረት ምስል ለማውጣት ደግሞ 20 ብር ይፈጃል እንበል። ፕላስቲክ የሚታተምበት የአረብ ብረት ቅርጽ ማውጫ በአንጻሩ 50,000 ብር፣ እያንዳንዱ ምስል ግን 5 ብር ብቻ ይሁን። መቶ ምስል ብቻ የሚሸጥ ሰው በጎማ ቢሠራ አንዱ ምስል 25 ብር ይወድቅበታል፤ በአረብ ብረት ቢሠራ 505 ብር። መቶ ሺህ ለሚሸጥ ሰው ግን በጎማው ከ20 ብር በታች አይወርድለትም፤ በአረብ ብረቱ 5 ብር ከ50 ይሆንለታል። ስለዚህ ጎማ ድኻ ነጋዴ ወደ ገበያ የሚገባበት በር ነው፤ አረብ ብረት ደግሞ ብዙ ገዢ ያለው ሰው ሌላው እንዳይከተለው የሚዘጋው በር ነው። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ለመድረስ የሚያስፈልገው ቋሚ ደንበኛ ነው።

ቋሚ ደንበኛ የሚገኝበትን መንገድ ከሁሉ ይልቅ የተረዳው በ1975 በለንደን በሦስት ጓደኞች የተቋቋመው ጌምስ ወርክሾፕ ነው። ጆን ፒክ፣ ኢያን ሊቪንግስተንና ስቲቭ ጃክሰን መጀመሪያ የሚሠሩት የእንጨት የጨዋታ ሰሌዳ ነበር። በዚያው ጊዜ በ1974 በአሜሪካ በአንድ ሺህ ቅጂ ብቻ የታተመውን «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ ጨዋታ አዩና ስድስት ቅጂ ብቻ አዘው፣ በአውሮፓ ብቸኛ አከፋፋይ የመሆንን መብት አገኙ። በ1978 በለንደን ሐመርስሚዝ ሰፈር የመጀመሪያ ሱቃቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የአሜሪካው ኩባንያ በ1980 በእንግሊዝ አገር የራሱን ቅርንጫፍ አቆመ። የሌላውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ የዕቃው ባለቤት ነገ ራሱ ሊሸጠው እንደሚችል በዚህ ተማሩ።

በ1979 ከብራያን አንሰል ጋር ሆነው ኒዋርክ በተባለች ከተማ ሲታደል የተባለውን ምስል የሚያፈስስ ድርጅት አቋቁመው ነበር። በ1983 ደግሞ አንሰል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ «ዋርሃመር» የተባለውን የጦርነት ጨዋታ ደንብ አወጡ። የደንቡ ዓላማ ስውር አልነበረም፤ ጥቂት ጀግኖችን ብቻ ይገዛ የነበረው ተጫዋች ሙሉ ሠራዊት እንዲገዛ ነበር። በ1987 በሩቅ ዘመን የሚደረግ ጦርነትን የሚያሳየው «ዋርሃመር 40,000» ተከተለ። እንግዲህ ዌልስ በ1913 ያገኘው ምሥጢር በአንድ እጅ ገባ፤ ደንቡ፣ ምስሉ፣ ታሪኩ፣ መጽሔቱና ሱቁ ሁሉ የአንድ ኩባንያ ሆኑ። ምስሉም ቀለም ሳይቀባ፣ አካሉም ሳይገጣጠም ይሸጣል። በብሪተን ዘመን ሴቶቹ በቁጥር ተከፍሏቸው ይሠሩት የነበረውን ሥራ አሁን ገዢው ራሱ ቀለምና ብሩሽ ገዝቶ በደስታ ይሠራዋል። ብዙ ምሽት የደከመበትን ምስል ማንም በቀላሉ አይጥልም፤ ስለዚህ ገዢውን ከጨዋታው ጋር ያሰረው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ድካሙም ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ እንሻገር፤ ይኸውም ዕድልን ወደ መሸጥ ነው። ሥሩ ሩቅ ነው። በ1880ዎቹ የአሜሪካና የእንግሊዝ የሲጋራ ፋብሪካዎች ጥቅሉ እንዳይጨማደድ በውስጡ ያስገቡት የነበረውን ካርቶን ሥዕል አተሙበት። አጫሹ የትኛው ሥዕል እንደሚደርሰው ሳያውቅ ይገዛል፤ ተከታታዩን ለማሟላት ሲልም ያንኑ ሲጋራ ደጋግሞ ይገዛል። በ1993 በአሜሪካ የሲያትል አካባቢ የሚገኘው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ይህንኑ ዘዴ ከጨዋታ ደንብ ጋር አዋሕዶ፣ በሂሳብ ምሁሩ በሪቻርድ ጋርፊልድ የተፈጠረውን «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለ የካርታ ጨዋታ በታሸገ እሽግ አወጣ። ትርፉ እጅግ ስለ በዛ ታላቁ የአሻንጉሊት ኩባንያ ሃስብሮ በ1999 ድርጅቱን ገዛው። ከዚህ በኋላ ካርታውን በምስል መተካት የሚያስብ ሰው መነሣቱ የማይቀር ነበር።

ያም ሰው ጆርዳን ዋይዝማን ነው። በ2000 ዊዝኪድስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ «ሜጅ ናይት» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ምስሎቹ ከፕላስቲክ የተሠሩና አስቀድመው ቀለም የተቀቡ ናቸው። ከእያንዳንዱ ምስል እግር በታች የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ አለ፤ ምስሉ በጨዋታው በቆሰለ ቁጥር ሰሌዳው ይዞርና የቀነሰ ኀይሉን ያሳያል። ተጫዋቹ ቀለም መቀባትም ሆነ ወፍራም መጽሐፍ ማጥናት አያስፈልገውም፤ እሽጉን ከፍቶ ወዲያው ይጫወታል። ነገር ግን በእሽጉ ውስጥ የትኛው ምስል እንዳለ አያውቅም፤ አንዳንዶቹም ሆን ተብሎ በጥቂቱ የተሠሩ ናቸው። በ2002 በታወቁ የአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ጀግኖች የተሠራው «ሂሮክሊክስ» ተከተለ። በ2003 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስትም የራሱን የታሸጉ ምስሎች አወጣ፤ በዚያው ዓመት የስፖርት ካርድና የማስቲካ ነጋዴው ቶፕስ ዊዝኪድስን በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

ይህ አሸጣጥ ገዢውን ምን ያህል እንደሚያስወጣው በሂሳብ ማየት ይቻላል። ሰማንያ ዓይነት ምስል ያለበት ስብስብ እንውሰድ፤ ሁሉም በእኩል ብዛት ተሠርተዋል፣ በአንድ እሽግም አንድ ምስል ብቻ አለ እንበል። የመጀመሪያዎቹን አርባ ዓይነቶች ለማግኘት በአማካይ 55 እሽግ ያህል ይበቃል። ሰማንያውን ሁሉ ለማሟላት ግን 397 ያህል እሽግ መግዛት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እኩሌታ በ55፣ ሁለተኛው እኩሌታ ከ340 በላይ በሆነ እሽግ ይገኛል ማለት ነው። ሰባ ዘጠኙን ያገኘ ሰው የመጨረሻዋን አንዲት ምስል ለማግኘት ብቻ በአማካይ ሰማንያ እሽግ መክፈት ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ምስል በጥቂቱ የተሠራ እንደ ሆነ ወጪው ከዚህም ይብሳል። ከጓደኛ ጋር መለዋወጥ ሸክሙን ያቃልላል፤ ልጁ ብቻውን ከሆነ ግን ሙሉውን ይሸከማል።

ሆኖም ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ የሌላውንም ወገን ቃል መስማት ይገባል። እሽጉ ለባለሱቁ ጥቅም ነበረው። ሰማንያ ዓይነት ምስል ለየብቻው ቢሸጥ ሰማንያ መደርደሪያ ያስፈልገዋል፤ ተፈላጊዎቹ አልቀው የማይፈለጉት ይቀሩበታል። በእሽግ ከሆነ ግን የሚያስቀምጠው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ለገዢውም ቢሆን እሽግ የመክፈት ደስታ፣ ከጓደኞች ጋር መለዋወጥና መጨዋወት ነበረው። የድካም ጊዜ ለሌለው ሠራተኛም ቀለም የተቀባ ምስል ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ገበያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መስፋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ችግሩ የተወለደው ከዚያው ከጥቅሙ ነው። አስቀድሞ ቀለም የተቀባ ምስል ብዙ የእጅ ሥራ ስለሚፈልግ የሚሠራው በቻይና ፋብሪካዎች ነበር፤ ዕቃውም በመርከብ ባሕር ይሻገራል። ስለዚህ ኩባንያው ገዢው ምን ያህል እንደሚፈልግ ሳያውቅ ከብዙ ወራት በፊት አዞ መክፈል አለበት። ባለሱቁም እንዲሁ በግምት ይገዛል። አሳንሶ ቢገዛ ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄድበታል፤ አብዝቶ ቢገዛ አዲሱ ስብስብ ሲወጣ አሮጌው እሽግ ፈላጊ ያጣል። በዚህ ላይ አንዳንዱ ነጋዴ እሽጉን ራሱ እየከፈተ ብርቅ የሆኑትን በውድ፣ የተለመዱትን በእርካሽ መቸርቸር ያዘ። የተለመደው ምስል በሳንቲም መሸጡን ያየ ገዢ ያልተከፈተውን እሽግ በሙሉ ዋጋ የሚገዛበት ምክንያት ጠፋበት። ኩባንያው ሽያጩን ከፍ ለማድረግ አዳዲስ ስብስቦችን ባፈጠነ ቁጥር የቀድሞው ዕቃ ዋጋ ይወድቃል፤ ዋጋው በወደቀ ቁጥር የገዢው እምነት ይቀንሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነ። ቶፕስ በኅዳር 2008 ዊዝኪድስን ዘጋው። በ2009 ኔካ የተባለ ሌላ ኩባንያ «ሂሮክሊክስን» ገዝቶ እንደ ገና አስነሣው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ደግሞ የታሸጉ ምስሎቹን በ2011 አቆመ።

ጨዋታውን የሸጠው ኩባንያ ግን አልተፈተነም ማለት አይደለም። ጌምስ ወርክሾፕ በ1991 በሥራ መሪዎቹ ተገዝቶ፣ በ1994 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ ነበር። ሲኒማው ገናና ባደረገው «የቀለበቶች ጌታ» ታሪክ ምስሎችን የመሥራት ፈቃድ አገኘ፤ በ2004 የሒሳብ ዓመት ሽያጩ ከ150 ሚሊዮን ፓውንድ በለጠ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን በሲኒማው ግለት የመጣው ገዢ ተበተነ፤ በ2008 ሽያጩ ወደ 110 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወረደ። የተዋሰው ዝና ከተዋሰበት ጋር አብሮ ይሄዳልና። ኩባንያው ያገገመው በራሱ ጨዋታ ላይ ተመልሶ በመቆም ነው። ፋብሪካውን በኖቲንግሃም በእጁ ስለ ያዘ የተፈለገውን ምስል በተፈለገ ጊዜ ደግሞ ማተም ይችላል። በዓለም ላይ ባሉት ከ500 በላይ ሱቆቹ ውስጥም ሻጮቹ ለአዲስ መጤ ቀለም መቀባትና መጫወት ያስተምራሉ። በሰኔ 2024 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ሽያጩ ከ500 ሚሊዮን፣ ግብር ሳይቀነስ ትርፉ ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ።

ይህን ኩባንያ እንደ ጻድቅ ማየት ግን አይገባም። ምስሎቹ ውድ ናቸው በማለት ደንበኞቹ ዘወትር ያማርራሉ። ደንቡ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚለወጥ መጽሐፉ እንደ ገና መገዛት አለበት። በጥቂት ብዛት የሚያወጣቸው ልዩ ሣጥኖችም በደቂቃዎች ውስጥ አልቀው በአትራፊዎች እጅ ዋጋቸው ሲጨምር ይታያል፤ ይህም ዕድልን ከመሸጥ ብዙ የራቀ አይደለም። ደግሞም ምስልን በቤት ውስጥ የሚያትም መኪና ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ሺሁኛው ምስል ርካሽ የሚሆነው ውድ ቅርጽ ማውጫ ላለው ብቻ ነው የሚለው የሂልፐርት ዘመን ሕግ በዚህ መኪና ፊት ቀስ በቀስ እየላላ ነው። ሊታተም የማይችለው ግን አብሮ የሚጫወት ሰውና የጋራ ደንብ ነው።

በመጨረሻም የመንግሥትን ድርሻ እንመልከት። የታሸገ ዕድል ሽያጭ ከጠረጴዛ ጨዋታ አልፎ ወደ ሌላ ዘርፍ ስለ ተስፋፋ መንግሥታት ጉዳዩን መመርመር ጀምረዋል። በ2018 የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽን በኮምፒዩተር ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖች ቁማር ናቸው ሲል ወሰነ። ቻይና በ2023 ባወጣችው መመሪያ ይዘታቸው ያልታወቀ ሣጥኖች ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሸጡ ከለከለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከባድ ነው። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው የሚገዛው ዕድል መሆኑን ያውቃል፤ ቲኬቱም ይህንኑ ይነግረዋል። አሻንጉሊት የሚገዛ ሕፃን ግን የሚገዛው አሻንጉሊት ነው ብሎ ያምናል። ሕግ ሊጠብቀው የሚገባው ይህን እምነት ነው፤ ነጋዴውም ቢሆን የአንዱን ምስል የመገኘት ዕድል በእሽጉ ላይ በግልጽ ቢጽፍ ከንግዱ የሚያጎድልበት ነገር አይኖርም።

እንግዲህ የተከበራችሁ አድማጮች፤ የዚህ ትንሽ ሸቀጥ ታሪክ የሚያስተምረን ነገር ግልጽ ነው። ምስሉን ብቻ የሸጠ ሰው አዲስ ጦርነት እስኪሰማ ይጠብቃል። ዕድልን የሸጠ ሰው ፈጥኖ ይከብራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተከፈተ እሽግ ከገዢው እምነት ጥቂት ቀንሶ ስለሚሄድ የነገውን ገበያ ዛሬ ይበላል። ጨዋታውን የሸጠ ሰው ደግሞ በዝግታ ይሄዳል፤ ገዢው ግን ያየውን ገዝቶ፣ በገዛው ደክሞ፣ በደከመበት ከወዳጁ ጋር ተጫውቶ ይመለስለታል። በአገራችንም የእጅ ሥራም ሆነ የፋብሪካ ዕቃ ለመሸጥ የሚነሣ ወጣት ነጋዴ ሁሉ ይህን ሊያስብ ይገባዋል። ዕቃው ከእጁ ከወጣ በኋላ ገዢው ምን ያደርግበታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ጥሬ ዕቃው የሳንቲም ዋጋ ቢኖረውም ንግዱ ይጸናል፤ መልስ የሌለው ግን ወርቅ ቢሸጥም አንድ ጊዜ ሸጦ ይቀራል።